የአባባ አንገት

አሶሳ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለሐሴት፣
ጅማ

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ እንዲህ ብዬ እመልስልሽ ነበር ለማለት ነው። ደብዳቤሽን ወዲያና ወዲህ ገልብጬ አየሁት፤ ለእኔ ጤና አንድ መስመር፣ ትምህርት ቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ ለተኛው ሽማግሌ አንድ ገጽ ተኩል። ደግሞ የእኔዋ መስመር ከሥር ተጣብባ፣ አውቶቡስ ላይ ቦታ እንዳጣ ሰው ቆማ ነው የመጣችው።

ሐኪም ለመሆን የሞተ ሰው ገላ ከፍቶ ማየት ግድ መሆኑን አላጣሁትም። የሞተውንም አልጠላውም፤ ነፍሱን ይማረው። ዘመድ ያልጠየቀው ሰው መሆኑን ስትነግሪኝ አሳዝኖኛል። «ስሙን ስለማናውቅ አባባ እንለዋለን» ያልሽው ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። በዚህ ምድር አባባ የምትይው እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር። ምነው፣ ሌላ ስም ጠፋ? ጋሼ በሉት። አቶ እገሌ በሉት። እኔ አባባ የተባልኩት ትከሻዬ ላይ ተቀምጠሽ፣ ጆሮዬን እንደ ልጓም ይዘሽ፣ ይችን አሶሳን ከዳር እስከ ዳር ካስጋለብሽኝ በኋላ ነው። እሱ ተኝቶ አገኘው።

«አንገቱን አይተን አልጠገብነውም» ትያለሽ ደግሞ። አያትሽ ብሪቱ፣ አፈሩ ይቅለላትና፣ አብረን ስንኖር አንድም ቀን አንገቴን አድንቃ አታውቅም።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። አዎ፣ ሥራዬ ላይ ነኝ። ጠረጴዛዬን ከአዲሱ የክልል መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት፣ ከቀርከሃው ዳስ ሥር አዛውሬያለሁ። አዲስ ክልል ማለት አዲስ ማመልከቻ ማለት ነው፤ ከካማሺ የመጣው፣ ከማንቡክ የመጣው፣ ሁሉም እንድጽፍለት ይሰለፋል። የጻፍኩት ሁሉ «አስቸኳይ መልስ እንዲሰጠኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ብሎ ያልቃል። በዕድሜዬ ያልተቸኮለ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም፤ አስቸኳይ መልስ ያገኘ ማመልከቻም አላየሁም።

ሙርሳልም ደህና ነው፤ መቼም ሲደላው አያድርስ ነው። ማንጎ ነጋዴው ሙርሳል፣ ከእኔ ዳስ አጠገብ ቁጭ ብሎ ውሎውን ሲከራከረኝ የሚውለው። ሰሞኑን ይባስ ኮርቶብኛል። ዐወድ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ከሱዳን፣ ከደማዚን መጥቶ እዚህ ሱቅ ከፍቷል። ጢም ላጭቶ ሲጨርስ አንድ እጁን አገጭ ላይ፣ አንዱን ማጅራት ላይ ያደርግና አንገትን ድንገት ጠምዘዝ ያደርገዋል። ያኔ አንገት ቋ ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሽማግሌው ሁሉ ተሰልፎ ይንቋቋል፤ የማን አንገት ይበልጥ እንደጮኸ ሱቁ በሙሉ ይፈርዳል። የሙርሳል አንገት ወደ ቀኝ ቋ፣ ወደ ግራ ቋቋቋ! ደረቅ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ነው የሚመስለው። የእኔስ? ጸጥ። ዐወድ ቢጠመዝዝ፣ ቢያጠማዝዝ፣ ጸጥ።

«ያ ቢሻው» አለኝ ሙርሳል በሰው ፊት፣ «አንገት ያንተ ቢሮ ነው፣ ወላሂ። ታንኳኳለህ፣ ሰው የለም።»

እስካሁን ይስቃሉ። ግን ተስፋ አልቆረጥኩም።

ጽሑፌ ለምን እንደተንጋደደ ለጠየቅሽው፣ እስክሪብቶው አዲስ ስለሆነ ነው።

አያትሽ ቢሻው፣
በሕይወት ያለው አባባ

—

ጅማ፣ ኅዳር 4 ቀን 1987 ዓ.ም.

በሕይወት ላለው አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ምግብ ይበላሉ? እግርዎን አሁንም ያሳብጥዎታል? ዓይንዎስ? ይኸው አምስት መስመር ሙሉ ስለ እርስዎ ብቻ ጠየቅሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ስሙም ይቅርታ። ያወጣሁለት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን ስንገባ ልጆቹ በቁጥር ሊጠሩት ነበር። እጁን አየሁት፤ አውራ ጣቱ እንደ እርስዎ ወደ ውጭ የታጠፈች ናት። አፌ አምልጦኝ «አባባ» አልኩ፤ በዚያው ቀረ።

አሁን ስለ አንገቱ የጻፍኩት ለምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ቀልድ አይደለም። ወደ ራሳችን ደም የሚያወጡ ዋና ዋናዎቹ ደም ቅዳዎች አራት ናቸው። ሁለቱ ከፊት ናቸው፣ በጉሮሮ ቀኝና ግራ፤ ጣት ሲያስጠጉ ሲመቱ ይሰማሉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳይጫኑ ብቻ! ሌሎቹ ሁለቱ ከኋላ ናቸው፤ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ እየሾለኩ ስለሚወጡ ጣት አያገኛቸውም። አራቱም አንጎል ሥር ሲደርሱ በቀጫጭን ማገናኛዎች ይያያዙና ቀለበት ይሠራሉ። አንዱ ቢደፈን ሌሎቹ በቀለበቱ ዞረው ይደርሱለታል።

መጽሐፉ ላይ ቀለበቱ ሙሉ ነው፤ በኮምፓስ የተሠራ ነው የሚመስለው። መምህራችን ግን «ይህ ሥዕል የማንም አንገት አይደለም፤ ዞር ዞር በሉና እዩ» አሉን። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞርን። አንደኛው ማገናኛው ክር ያህላል፤ ሌላው ጭራሽ የለውም። የአንዷ የፊተኛው ደም ሥር ለሁለት የሚከፈለው ከመንጋጋዋ ሥር ነው፣ የአጠገቧ ሰው ግን በጣም ዝቅ ብሎ። እንደ መጽሐፉ የሆነ ከግማሽ በታች ነው አሉን። መልካችን እንደሚለያይ ውስጣችንም ይለያያል፤ ልዩነቱ መልካችንን መስታወት ያሳየናል፣ ያንን ግን ማንም አያሳየንም።

የእኛ አባባ፣ ማለቴ ሰውዬው፣ ከኋላ ካሉት ሁለቱ የግራው የስንዴ አገዳ ያህላል፤ የቀኙ የስፌት ክር ነው። ቀለበቱም ከኋላ በኩል ክፍት ነው። ይህ ሰው ፀጉሩ እስኪሸብት ድረስ የአንጎሉን ጀርባ በአንዲት ቧንቧ ብቻ ሲያጠጣ ኖረ። አያውቅም። ሚስቱም አታውቅም፣ ሚስት ከነበረችው።

እሱን ባየሁ ቁጥር አሁን የሚታየኝ የዐወድ እጅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወንበሩ ላይ ቢቀመጥና ያቺን አንዷን ቧንቧ ድንገት ቢጠመዝዛት፣ ውስጧ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያኔ የሚደርስላት የለም። የእርስዎ ቀለበት ሙሉ ይሁን ጎዶሎ እኔ አላውቅም፤ ዐወድም አያውቅም። በሕይወት ያለን ሰው ውስጥ አይቶ የሚነግረን መሣሪያ እዚህ የለንም። አንገት ቋ አለ ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ዝም ማለቱም መሸነፍ አይደለም። እባክዎ አባባ፣ ጢምዎን ይላጩና ይነሡ።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ እስክሪብቶ መስመር ይዘላል እንጂ መስመር ላይ መስመር አይደርብም። ያዞርዎታል እንዴ?

ልጅዎ ሐሴት

—

አሶሳ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለሐሴት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ለመመለስ ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። መንገድ ነው፣ ሥራ ነው፣ እጄም ትንሽ ደክሟት ነበር። አሁን ተመልሳለች።

ደብዳቤሽን ለሙርሳል ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ታውቃለች ብዬ ልኮራበት ነበር፤ ጉድ አመጣሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጠና አንገቱን እየዳበሰ «እኔ ቀለበት ሙሉ ነው» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«ይጮሃላ! ባዶ ነገር ይጮሃል እንዴ?»

«ባዶ ነገር ነው እንጂ የሚጮኸው! ከበሮ አላየህም?»

«ቢሻው ቀናህ። አላህ ለእኔ ቀለበት ሰጠ፣ ለአንተ ክር ሰጠ። ምን ላድርግ ታዲያ?»

የዳሱ ሥር ሰዎች ሁሉ ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሁሉ አንገቴን እያየ ነው ጉዳዩን የሚነግረኝ። አንቺ ለማስተማር ብለሽ የጻፍሽው ሙርሳልን ባለ ቀለበት፣ እኔን ባለ ክር አድርጎ አስቀረኝ። ሙርሳል ደግሞ እስከ ዛሬ በዓይን በማይታይ ነገር በልጦኝ አያውቅም ነበር።

በጠረጴዛችሁ ላይ ባለው ሰውዬም ቅናቴ አልበረደም። «በአንዲት ቧንቧ ኖረ» ብለሽ አደነቅሽው። እኔም በአንዲት እስክሪብቶ ልጆች አሳድጌ ኖሬያለሁ፤ ማን መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየኝ? አውራ ጣቱ እንደ እኔ የታጠፈች ናት ያልሽው ግን ትንሽ አብርዶልኛል። ትንሽ።

ስለ ዐወድ አትስጊ። ትቼዋለሁ። ጢሜን ብቻ ነው የሚላጨኝ።

ይልቅ ስለ ሙርሳል ልጠይቅሽ። ኩራተኛ ስለሆነ ራሱ አይጠይቅሽም፤ እንደ ጠየቅሁለትም አይወቅ። ቀና ብሎ ዛፍ ላይ ያለ ማንጎ ሲያይ መሬቱ ከእግሩ ሥር ይሸሽበታል። ዞር ሲል ሰዉ ሁሉ አብሮ ይዞራል። አንዳንዴ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል። የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ እንደገና ተቀብቶ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተባልን፤ እሱ ሰሌዳውን ሲያይ ሁለት ነው። መንግሥት አንድ ክልል ሰጥቶን እሱ ሁለት ክልል ያያል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያድርግ? ለእሱ ብዬ ነው።

አያትሽ ቢሻው

—

ጅማ፣ ጥር 20 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለአባባ፣

እንደምን አሉልኝ? ከኅዳር ወዲህ አልጻፍኩም፤ ደብዳቤዎን ብዙ ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ መልሱን ግን ስጽፍና ስቀድ ከረምኩ። ፈተናም ነበር።

የአቶ ሙርሳል ነገር በጣም አሳስቦኛል። እባክዎ የሚከተለውን ቃል በቃል ይንገሯቸው። ማንም ሰው አንገታቸውን እንዳይነካ። ድንገት ቀና እንዳይሉ፣ ድንገት ዞር እንዳይሉ። ከመኝታ ሲነሡ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፣ ከዚያ ይቁሙ። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ሄደው የደም ግፊታቸውን ይለኩ። ምላሳቸው ከተሳሰረ፣ ፊታቸው በአንድ ወገን ከወረደ ወይም ሲራመዱ ወደ አንድ ወገን ከተጎተቱ፣ እንዳይተኙበት፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት። አንድ ነገር ሁለት ሆኖ መታየቱ የአንጎል ጀርባ ውኃ እንደጠማው ሰው ሲጣራ ነው። መልእክት ነው እንጂ እርጅና ብቻ አይደለም።

አቶ ሙርሳልን እንደምወዳቸውም ይንገሩልኝ። ልጅ ሆኜ ትከሻቸው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ጆሯቸውን እንደ ልጓም ይዤ፣ አሶሳን ከዳር እስከ ዳር ያስጋለብኳቸው ሰው ናቸው። እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ እኔ ይህን ትምህርት ለምን እንደምማር አላውቅም።

ልጅዎ ሐሴት

—

አሶሳ፣ መጋቢት 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለሐሴት፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ሦስት ቀን አኮረፍኩ። ሙርሳል ነው የተሸከመሽ? ሙርሳል? እሱ አንድ ቅርጫት ማንጎ እንኳ በሰው የሚያሸክም ሰው ነው! ጆሮውን ይዘሽው ብታውቂ ኖሮ እስከ ዛሬ በየገበያው በለፈለፈው ነበር። የተሸከምኩሽ እኔ ነኝ። ምስክር ብትፈልጊ ግራ ጆሮዬ ከቀኙ ዛሬም ድረስ ረዘም ያለች ናት፤ ወደ ግራ መዞር ትወጂ ነበር። እንዴት ነው ነገሩ? አባባነቴን ለሞተ ሰው ሰጠሽ፤ ትከሻዬን ለሙርሳል ሰጠሽ። ምን ቀረኝ?

ምክርሽን ለሙርሳል ነግሬዋለሁ። ሰምቷል። ግፊቱንም ተለክቷል፤ ከፍ ብሏል አሉት። ክኒን ተሰጥቶታል፤ አንዳንዴ ይረሳዋል።

ይኸው ሙርሳል የወንድሙ ልጅ እዚያ ጅማ ስለሚያገባ በሚያዝያ መጀመሪያ ይመጣል። ማንጎ ይዞልሽ ይመጣል፤ ማንጎውን ተቀበይው። የሚያወራውን ግን እንዳትቀበይ። ያጋንናል፤ ታውቂዋለሽ። በተለይ ስለ ዐወድ ወንበር የሚነግርሽ ነገር ቢኖር ግማሹን ጣይው፤ የቀረውንም ግማሽ አትያዢው።

አያትሽ ቢሻው፣
የተሸከመሽ

—

ጅማ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለአባባ፣

ለትንሣኤው በሰላም ያድርስዎ። አቶ ሙርሳል በሰላም መጥተው በሰላም ሄዱ። ማንጎው እንዴት ይጣፍጣል! ለመኝታ ቤት ጓደኞቼ ሁሉ ደረሰ።

እንግዲህ መጡ ተብዬ አንገታቸውን ሳላይ ልሰዳቸው አልቻልኩም። ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ኮሌታቸውን ፈትቼ፣ ጣቶቼን መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ አሳረፍኩ። አባባ፣ ምን ዓይነት አንገት ነው! እንደ ፈረስ ኮቴ ጥርት ብሎ ይመታል። ይህን ያህል ዓመት ስማር እንዲህ ያለ አልዳሰስኩም። መምህራችንን ጠርቼ አሳየኋቸው። ማዳመጫቸውን በሁለቱም ወገን አድርገው አዳመጡና «እንዲህ ያለ አንገት ያለው አያት ያላት ልጅ ታድላለች» አሉኝ።

አላረምኳቸውም።

ስለ ሌላ ነገር ብዙም አላወራንም። ስለ ዐወድ ወንበር የነገሩኝን እንዳዘዙኝ ጣልኩት።

ልጅዎ ሐሴት

—

አሶሳ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ሐሴት፣
ጅማ

ጉዳዩ፦ በጠራራ ፀሐይ ስለተነጠቀ የአያትነት መብት

አመልካች አቶ ቢሻው፣ ዕድሜዬን በሙሉ ለሌላ ሰው ሳመለክት ኖሬ ይኸው ዛሬ ለራሴ ለማመልከት በቃሁ።

ሙርሳል ከጅማ ከተመለሰ ወዲህ ኮሌታውን ቆልፎ አያውቅም። በዚህ ሙቀት እንኳ የማይፈታውን ኮሌታ እስከ ደረቱ ፈትቶ ከተማውን ይዞራል። ሻይ ቤት ሲገባ ሰላምታ ከማለቱ በፊት አንገቱን ወደ ላይ ያደርገዋል።

«ሐሴት እዚህ ያዘች» ይላል በቀኙ። «እዚህም ያዘች» ይላል በግራው። «ትልቅ ዶክተር መጣ። ሰማ። ማሻአላህ አለ።»

«ዶክተሩ ማሻአላህ አላለም!» ብዬ ጮህኩ።

«በልቡ አለ» አለኝ።

«አያቷ ነዎት ሲሉህ ዝም አልክ?»

«ልጅቷ ዝም አለ፣ እኔ ምን ልናገር? ያ ቢሻው፣ አንተ ግን ለምንድን ነው አንገትህን ለልጅህ የማታሳይ? ትፈራለህ?»

ይህን ያለው እየሳቀ አልነበረም። ለእሱ ያልተለመደ ፊት ነበር ያሳየኝ። እኔም ወደ ጠረጴዛዬ ሄጄ ይህን ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ በግንቦት እመጣለሁ። አልጋ አታዘጋጂ፤ ዕቃ አልይዝም፤ የምይዘው አንገቴን ብቻ ነው። ሙርሳል የተዳሰሰውን ያህል እንድዳሰስ፣ መምህርሽም የእሱን ያህል ጊዜ ሰጥቶ እንዲያዳምጠኝ፣ «አያትሽ ማን ነው?» ሲልም በግልጽ እንድታርሚው፣ አስቸኳይ መልስ እንዲሰጠኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

አመልካች ቢሻው
ግልባጭ፦ ለሙርሳል፣ እንዲቃጠል

—

ጅማ፣ ግንቦት 5 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለአባባ፣

ማመልከቻዎ ተፈቅዷል። ይምጡ።

አሁን እንደሚመጡ ስላረጋገጥኩ እውነቱን ልንገርዎ። አቶ ሙርሳል እዚህ ሲደርሱ ማንጎውን ከማውረዳቸው በፊት አለቀሱ። ስለ ቀለበቱ የጻፍኩልዎ ደብዳቤ በደረሰዎት በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ እርስዎ «የእኔም ሙሉ ነው፤ ዛሬ ይሰማል» ብለው ዐወድ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነገሩኝ። ዐወድ እምቢ ቢልም እንዳስገደዱት ነገሩኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቋ አለ፤ ሱቁ በሙሉ አጨበጨበ፤ አሸነፉ። ከዚያ ሲነሡ እግርዎ ከዳዎት። አቶ ሙርሳል ናቸው ተሸክመው ቤት ያስገቡዎት። ያ ማንጎ የማይሸከመው ሰው። እስከ ማታ ምላስዎ ተሳስሮ ነበር፤ እጅዎም ሳምንታት እስክሪብቶ አልያዘም። «እንዳትነግር» ብለው አስምለዋቸው፣ እሳቸውም ስለማሉ ዝም ብለው ከረሙ፤ ፊቴን ሲያዩ ግን መሐላው አልያዛቸውም።

ሰሌዳው ሁለት ሆኖ የሚታየው ለማን እንደሆነ ድሮም አውቄ ነበር። ትከሻውን ለአቶ ሙርሳል የሰጠሁት እርስዎ «ያ እኔ ነኝ» ብለው ሁሉንም እንዲነግሩኝ ነበር። እርስዎ ትከሻውን ብቻ አስመለሱ።

ብለምንዎ እንደማይመጡ ገባኝ። ቢቀኑ ግን እንደሚመጡ ከእርስዎ ነው የተማርኩት። ስለዚህ የአቶ ሙርሳልን አንገት ዳሰስኩ፤ ስለ አንገቱ የጻፍኩት ግን እውነት ነው፣ ማጋነን አልነበረበትም።

በአውቶቡስ ሲመጡ ከፊት ወንበር ይቀመጡ። ጋቢዎን ጠቅልለው አንገትዎ ላይ ያድርጉት፤ እንቅልፍ ቢወስድዎ ራስዎ ወዲያና ወዲህ እንዳይወድቅ። ከነቀምት አልፈው እንደማይችሉ ከተሰማዎ ይውረዱና ያስደውሉልኝ። ክኒኑን «ሙርሳል ይረሳዋል» አሉኝ፤ አሁን ሙርሳል አይርሳው።

አፍረው እንዳይቀሩ ብቻ። እየጠበቅሁ ነው።

ልጅዎ ሐሴት

—

አሶሳ፣ ሰኔ 18 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለሐሴት፣

በሰላም ገብቻለሁ። ለጠየቅሽኝ ሁሉ ልመልስ፤ አዎ፣ ከፊት ተቀምጬ፤ አዎ፣ ጋቢው አንገቴ ላይ ሆኖ። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ «አባቴ፣ በረደዎ?» ሲለኝ መጣ፣ በዚያ ወበቅ። ክኒኑን ጠዋት ጠዋት የሚያቀርብልኝ ሙርሳል ነው። ስውጥ አፌን ከፍቼ ካላሳየሁት አይሄድም። ሰሌዳውም አሁን አንድ ነው፤ ሲደክመኝ ብቻ ትንሽ ጥላ ይጨምራል።

እነሆ በአንቺ ስለ ተታለልኩ አልተቆጣሁም። አልተቆጣሁም ማለቴ እንዲህ አድርጎ የሚያታልል ሰው በዘራችን ከእኔ ሌላ ስለሌለ፣ ደሙ የማን እንደሆነ ተረጋገጠ ብዬ ነው። ሙርሳል ይህን ሊነጥቀኝ አይችልም።

መምህርሽ በቀኝ በኩል እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ እንደሰሙ፣ የኋላዎቹ ግን እንዴት እንደሆኑ ማንም እንደማያውቅ ነገሩኝ። ክር ይኑረኝ፣ አገዳ ይኑረኝ፣ ቀለበቴ ይግጠም፣ አይግጠም፣ ሳላውቅ እኖራለሁ። ለሙርሳል ይህን ስነግረው ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። አልሳቀም። ቅዳሜ ዐወድ ጋ ሄድን፤ ጢማችንን ተላጨን። ዐወድ በልማዱ የሙርሳልን አገጭ ሲይዝ፣ ሙርሳል እጁን ገፋው።

«ተው። ለማን ልጩህ?» አለው። «ቢሻው ካልተወዳደረ ለማን ልጩህ?»

ከዚያ ወዲህ ዐወድ የማንንም አንገት አያንቋቋም። ሱቁ ጸጥ ብሏል፤ ሽማግሌዎቹ የሚወዳደሩበት ነገር አጥተው ስለ ክልሉ ሹመት ያወራሉ።

አንድ ነገር ግን ለሙርሳል አልነገርኩትም፤ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። አንቺ ጣትሽን አንገቴ ላይ ስታሳርፊ «ከሙርሳል ይበልጣል?» ብዬ ጠየቅሁሽ። «ዝም ይበሉ፣ እየቆጠርኩ ነው» አልሽኝ። ቆጥረሽ ጨረስሽ። ጣትሽን ግን አላነሣሽም። ይህን ሙርሳል አላገኘም።

ስለ ጠረጴዛችሁ ሰውዬ ቀብር ምን ተሰማዎ ላልሽኝ፣ እስካሁን ሳስብበት ነበር። ትምህርታችሁ ማለቁ፣ ሰውዬውም ወደ አፈሩ የሚመለስበት ቀን እኔ እዚያ እያለሁ መሆኑ ለእኔ የተመቻቸ መሰለኝ፤ ባላንጣዬን ሲሸኙት ልይ ብዬ ነበር የተከተልኩሽ። ሳጥኑን ሳይ ግን ቅናቴ የት እንደገባ አጣሁት። ያ ሁሉ ያደነቃችሁት ሰው እንዲህ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል? የትምህርት ቤቱ ሰው «ዘመድ ካለ ወደ ፊት ይቅረብ» ሲል፣ ለወጉ ያህል እንደጠየቀ ያስታውቅ ነበር። አንቺ መሬት መሬቱን ታዪ ነበር። እግሬ ራሱ ሄደ።

«ምኑ ነዎት?» አለኝ።

«ወንድሙ» አልኩት።

አውራ ጣቴን ላሳየው ነበር፣ አልጠየቀኝም። በየትኛው ሃይማኖት እንደኖረ ስለማናውቅ እኔ በእኛ ወግ ጸለይኩለት፤ እዚህ ስመለስ ደግሞ ለሙርሳል ነገርኩት፣ ከቀርከሃው ዳስ ሥር መዳፉን ዘርግቶ ፋቲሐ አደረገለት። አንዱ ይደርስለታል። ደግሞ ካሁን በኋላ አባባ በሉት፤ ፈቅጃለሁ። ሁለት ልንሆን እንችላለን።

ነገር ግን፣ ሐሴት፣ አፈሩን ስታለብሱት አየሁሽ። ነጠላሽን አፍሽ ውስጥ አስገብተሽ፣ ትከሻሽ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደዚያ ስታለቅሺ አይቼሽ አላውቅም፤ ብሪቱ የሞተች ዕለት እንኳ። ያኔ ቅናቴ ተመልሶ መጣ፤ ከነጓዙ። ስለዚህ የመጨረሻ ማመልከቻዬ ይኸው ነው።

እኔም ቀኔ ሲደርስ ለእሱ ከተለቀሰለት ያላነሰ እንዲለቀስልኝ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ብትጎድል እንደማልቀበል ታውቆ ውሳኔ እንዲሰጠኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ይህ ማመልከቻ ግን አስቸኳይ አይደለም። በእጄ ከጻፍኩት ሁሉ እሱ ብቻ መልሱ እንዲዘገይ እለምናለሁ።

አባባ ቢሻው